የጫልቱ ባዶ ታብ

ባለፈው ሳምንት ጊንጪ፣ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተማሪዬ የሠራውን ፕሮግራም እያረምኩ ነበር። “ይሄ ታብ ምንም የለበትም። ባዶ ታብ ጥፋት ነው፣ አውጣው” ብዬው ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ኦቦ ድሪባ ናቸው፣ የጓደኛዬ የጫልቱ አባት። “ኮምፒውተሩ አርጅቶ አዲስ ገዛን። የእሷን ፕሮግራም የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ነይልኝ” አሉኝ። ቅዳሜ በጠዋት በዝናብ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጉላላ ቆይተን፣ አምቦ ስደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።

ከጫልቱ ጋር አምቦ አብረን ኮምፒውተር ተምረናል። እሷ የከተማው ልጅ፣ እኔ ከእንጭኒ የመጣሁ የዶርም ኑሮ ያንገፈገፈኝ። የእናቷን ጭኮ ስንት ቀን በልቻለሁ! ክረምት ሲገባ ከመንገድ ዳር ጥብስ በቆሎ ገዝተን፣ እየፈለፈልን ወደ አባቷ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ እንወርዳለን። መሀል መንገድ ላይ ቆም ትልና የሰው ሱቅ ዕቃ የምታይ ትመስላለች። ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። ልቧን ታማ ነበር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። እኔም አብሬያት የማልገዛውን ጫማ አያለሁ።

የአባቷ ዓይን ደክሞ ስለነበር በካርቶን ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ የምታነብላቸው እሷ ናት። የመመረቂያ ሥራችን የእሳቸው ሱቅ ፕሮግራም ይሁን አለች። እኔ ደግሞ ዓይኔ ትልቅ ነገር ላይ ነበር።

“የባጃጅ ጎማ ምን ያደርግልናል?” አልኳት።

“እኔ ባልኖር ማን ያይለታል?”

“ዝም በይ፣ ሟርተኛ!”

ሳቀች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

ፕሮግራሙን በታብ ሠራነው። ታብ የሚባለው በአንድ መስኮት ብዙ ገጽ ደራርቦ የሚይዝ ነው፤ የአንዱን ራስጌ ስትነኩት የእሱ ገጽ ከፊት ይመጣል። ለየዕቃው አንድ ታብ ሰጠን። ታቦቹ ሲበዙ በሁለት ረድፍ ተደረደሩ፤ የላይኛውን ረድፍ ሲነኩት ደግሞ ወደ ታች ይወርድና የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። እኛ ስሙን ስለምናነብ ግድ አልሰጠንም። ኦቦ ድሪባ ግን ቦታውን ነበር በቃላቸው የያዙት።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፍሬኑ እዚህ አልነበረም? መደርደሪያ ይሄዳል እንዴ?” አሉ ተናደው።

ጫልቱ ሁሉንም አፍርሳ ታቦቹን በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ደረደረቻቸው፣ ልክ መደርደሪያዎቹ ከበሩ ጀምሮ እንደቆሙት። በሱቁ ውስጥ ከፍሬኑና ከጎማው መካከል ክፍት ቦታ ነበር። እሷ ሲደክማት የምታርፍባት ወንበር እዚያ ናት። በዚያ ቦታ ላይ ስም የሌለው ባዶ ታብ አስገባች።

“በሞቴ አውጪው! ነጥብ ያስቀንሰናል።”

“ያስቀንስ። አባዬ የሚሄደው በለመደው ነው። ፍሬን፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ጎማ። እኔን ካወጣሽኝ ጎማውን ያጣዋል።”

ነጥቡ ተቀነሰ። ጫልቱም ለምርቃት ጋውን ልንለካ በተጠራንበት ሳምንት፣ ለሕክምና አዲስ አበባ እንደሄደች ቀረች። ወይኔ ጓደኛዬን! ከአርባዋ በኋላ ፕሮግራሙን ሱቁ ላይ የጫንኩት ብቻዬን ነው። ኦቦ ድሪባ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እየነዱ አንዱንም ሳይስቱ ከፈቱት። እሳቸው ሲሳካላቸው እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ሱቁ ስገባ ወንበሯ የለችም። ቦታው ላይ የሞተር ዘይት የሞላ መደርደሪያ ቆሟል።

“ዕቃው በዛ” አሉ ኦቦ ድሪባ ሳልጠይቃቸው። “ወንድሟ መደርደሪያ አሠራ። ምን ልበለው? ሱቅ ነው።”

ፕሮግራሙን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩና “እንግዲህ ዘይቱን በባዶው ታብ ላድርገው? እንደ ሱቁ እንዲሆንልዎት” አልኳቸው።

ጣታቸውን ባዶው ታብ ላይ አሳረፉ። ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ በደጅ አለፈ።

“እሱን ተይው። ዘይቱን ከሁሉም በታች አድርጊው።”

“አይጠፋብዎትም?”

“ይጥፋብኝ፣ ልጄ። ዘይት ቢጠፋ ፈልጌ አገኘዋለሁ።”

እንዳሉኝ አደረግኩ። መደርደሪያ አይሄድም ያሉት ሰውዬ፣ አሁን ሱቃቸው ሌላ፣ ታባቸው ሌላ ነው። ስሰናበታቸው ባዶውን ከፍተው ያዩት ነበር። ደንበኛ ጎማ ሲጠይቃቸው ነው የዘጉት።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ያንን ተማሪ “ባዶው ታብ ለምን ነበር?” አልኩት።

“ረስቼው ነው፣ ቲቸር” አለኝ አንገቱን እየሰበረ።

የምቆጣው መስሎታል። እኔ ግን ተመስገን አልኩ፣ ረስቶት ብቻ ከሆነ፣ የማንም ቦታ ካልሆነ።