እንግዳው አሜን እንዲል

ትናንት ከወላይታ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ በተቀቀለው በቆሎ ላይ ሊጸልዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በራሳቸው ቋንቋ ጀመሩና ድንገት ቆም አሉ። የበቆሎው እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ፣ በሐሳብ አምቦ፣ ያደግኩበት ቤት ገባሁ።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ አንድ ቀን ዝናብ እኛ ቤት ያስጠለለው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አብሮን ለምሳ ተቀምጧል። በቆሎው ይጨሳል። አባዬ ሁልጊዜ የሚጸልየው በኦሮምኛ ነው፤ ከጀመረም የሚያቆመው የለም። “ያ ጎፍታ”፣ ጌታ ሆይ፣ ብሎ ጀመረና ሹፌሩን በአንድ ዓይኑ አየት አድርጎ ወደ አማርኛ ዞረ። ቃል እየፈለገ፣ እየተደናቀፈ፣ ላብ በላብ ሆኖ ጨረሰ። እኔ በአፍረት አንገቴን ደፋሁ።

ሹፌሩ ሲሄድ፣ “አባዬ፣ እግዚአብሔር ኦሮምኛ አይሰማም እንዴ?” አልኩት።

“እሱማ ይሰማል” አለና ሳቀ። “እንግዳው ግን ያልገባውን ነገር እንዴት አሜን ይበል?”

ያኔ ብዙም አልገባኝም። ካደግኩ በኋላ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ሳነብ ይህንኑ ጥያቄ አገኘሁትና ብቻዬን ሳቅኩ።

ትናንት አማቴም ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ “ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጄን…” ብለው ቀጠሉ።

እስኪጨርሱ አላስቻለኝም። “አሜን!” አልኩ።