ሣህሌ የቆመበት አሥራ አራት ዓመት

ሀይማኖት ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው። ነገ በአባቷ በሣህሌ አስከሬን ፊት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ይሄ ነው። «በወጣትነታቸው በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራ አገልግለዋል» ይላል። በቃ! አሥራ አራት ዓመት ምሽግ ውስጥ የከረመ፣ ጉልበቱ ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዞ ከሰሜን በእግሩ የተመለሰ ሰው፣ ልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራ! ፋይል ሲያመላልስ ነበር እንዴ?

«ማቲዎስ፣ ምንድነው ይሄ?» አለችው። ማቲዎስ የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ አብሮ አደጓም ነው።

«ሃይሚዬ፣ የደርግ ወታደር ነበሩ ብለን ለምን ነገር እንፈልጋለን? ለቀስተኛው ብዙ ነው፤ ማን ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። እኔ ለጋሼ ሣህሌ ክብር ብዬ ነው።»

ክብር! ደሟ ፈላ። የማቲዎስ አባት አቶ ፍቅረማርያም አጠገባቸው ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ከእንጦጦ ደን ጥበቃ ጡረታ እንደወጡ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቃቸው የለም።

ሣህሌን የሚያውቅ ሰው በዚህ ቢናደድ አይፈረድበትም። ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ጥፋተኛ ካምፕ ከርሞ ወጣ። ሥራ የሚሰጠው ቢያጣ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ዘበኛ ሆነ። አልተማረረም እንዳይባል ተማሯል፤ ግን ምሬቱን ቤቱ ይዞ አልገባም። ሦስት ልጆች አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አበቃ። ሰፈሩ ውኃ ሲጠማ፣ ቧንቧው የሚቀበርበትን ቦይ ያን የማይታጠፍ ጉልበቱን እየጎተተ መቆፈር የጀመረው እሱ ነው። ጤነኛው ሁሉ አፍሮ ዶማውን ይዞ ተከተለው።

ደግሞስ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሟቾች የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ የኖረው ማን ሆነና? ራሱ ሣህሌ! ሐዘን ቤት ገብቶ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ በአንድ እየጠየቀ። የወይዘሮ አምለሰት ልጆች እናታቸው ሲያርፉ «በንግድ ሥራ ይተዳደሩ ነበር በልልን» ቢሉት፣ «ጠላ ሸጠው ነው ያሳደጓችሁ፤ ምኑ ያሳፍራል?» ብሎ እንደወረደ አነበበው። ለማንም ያልነፈገውን ዛሬ ለእሱ ነፈጉት። ኧረ ይሄ ግፍ ነው!

«ኮሚቴው አይቶታል፤ አይቀየርም» ብሎ ማቲዎስ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ማቲዎስ ያቺን መስመር አንብቦ ሊያልፍ ሲል፣ ሀይማኖት ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ፊት ወጣች።

«ቆይ! አባቴ ወታደር ነበር። አሥራ አራት ዓመት! ማንም ይግዛ ማን፣ እሱ የቆመው ለአገሩ ነው። ካፈራችሁበት ቀብሩ ላይ ምን ትሠራላችሁ?»

ማቲዎስ ሊያረጋጋት እጁን ሲዘረጋ፣ ከኋላ ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«ሃምሳ አለቃ ነበር! ማዕረጉንም ተናገሪ፣ ልጄ!»

አቶ ፍቅረማርያም ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ማቲዎስ ወረቀቱን እንደያዘ ዞሮ አፈጠጠባቸው።

«እኔም እዚያው ምሽግ ውስጥ ነበርኩ» አሉት ልጃቸውን። «ይኸው እስከ ዛሬ ላንተ እንኳ ሳልነግርህ ኖርኩ። የእኔ ቀን ሲደርስ ይህን እንዳትዘለው።»