የኦቦ ጀማል አውራ ጣት

«አንቺ የተሰጠሽን ጻፊ እንጂ አንብቢ ያለሽ ማነው?»

ድሮ እንዲህ ብሎ በፊቴ የተናገረኝ መምህር ሰለሞን ባለፈው ሳምንት ሂርና ላይ ከሚኒባስ ወርዶ የፎቶ ኮፒ ሱቄ ገባ። አላወቀኝም። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ጫማው ያው የጭሮ ጭቃ አለበት። የተማሪ ጽሑፍ የሚመዘንበት ቅጽ ዘረጋልኝና «ሁለት መቶ ኮፒ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሳላነብ አላባዛም፤ አመሌ ነው። ከቅጹ ግርጌ እንዲህ የሚል መስመር ነበር፦ «ጽሑፉ ተነብቦለት የተረዳው ገበሬ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ»። ማሽኑ እስኪሞቅ ደጋግሜ አየሁት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በጸሐፊነት ነው፤ ጭሮ ላይ፣ በኮንትራት። ኮንትራቱን በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚያድሰው መምህር ሰለሞን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቁርሱን ቆርሶ የሚያካፍለኝ ሰው ነው። እኔ ግን አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ያን ሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩት እናቴ በደሳ ሆና የምትጠብቀው የኔን እጅ ስለነበር ነው።

በዚያ ግንቦት ዝናቡ አላባራ ብሎ የበደሳ መንገድ ተበላሽቶ ነበር። ተማሪ ሁሉ የሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች ምን እንዳስገኙ ሊያዩ ገምጋሚዎች ሰኞ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ለዚህም ተማሪዎቹ አንድ አንድ ገጽ ጽፈዋል። ጥያቄው «ለአንድ የመቻራ ገበሬ ቡናው እንዳይሻግት እንዴት እንደሚያደርቀው በሚገባው መንገድ አስረዳ» ይላል። የኔ ሥራ የታረመውን እያየሁ «ተሳክቷል»፣ «አልተሳካም» እያልኩ በዝርዝር መጻፍ ነበር።

ተሳክቷል፣ ተሳክቷል፣ ተሳክቷል። ሁሉም በእንግሊዝኛ! ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሀያት የምትባል ልጅ ወረቀት መጣ። ግማሽ ገጽ ነው፣ በኦሮምኛ። ከላዩ በቀይ «ትእዛዝ አልተከተለችም፤ አልተሳካም» ተብሎበታል። አነበብኩት። ቡናውን መሬት ላይ አታስጡት፣ የማድረቂያ አልጋ ሥሩለት፣ ዝናብ ሲመጣ ሸፍኑት ትላለች። እናቴን የሰማሁ መሰለኝ።

ወረቀቱን ለመምህር ሰለሞን ይዤ ሄድኩ። ያኔ ነው «አንብቢ ያለሽ ማነው?» ያለኝ።

«መምህር፣ ማንበቡንስ አንብቤዋለሁ፤ ምን ይደረግ?» አልኩት። «ለገበሬው የጻፈችው እሷ ብቻ ናት።»

«የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።»

«የገበሬውስ?»

ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ «ሂጂ ጨርሺ» አለኝ።

አልጨረስኩም። ወደ ዋናው በር ወረድኩ። የጥበቃው ሽማግሌ ኦቦ ጀማል የመቻራ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው ዛሬም እዚያ የቡና ገበሬ ነው። ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ ሆጃቸውን ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ «ተሳክቷል» ከተባሉት አንዱን በእንግሊዝኛ አነበብኩላቸው። ኩባያቸውን አስቀምጠው በትሕትና አዳመጡኝ።

«ዜና ነው እንዴ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ሰው ሞተ?»

ከዚያ የሀያትን አነበብኩ። መሃል ላይ አስቆሙኝ። «አልጋው ከመሬት ምን ያህል ይራቅ አለች?» ደግሜ አነበብኩ። «እስከ ወገብ! ወላሂ ወንድሜ መሬት ላይ አስጥቶ ነው አምና የሻገተበት። ይቺን ወረቀት ስጪኝ፣ ልላክለት።»

«ወረቀቱ የመምህሩ ነው፤ ለእርስዎ እገለብጥልዎታለሁ። ግን ገብቶኛል ብለው ይፈርሙልኝ።»

«መፈረም የት አውቄ!»

የማኅተሙን ቀለም ከቢሮ አመጣሁ። አውራ ጣታቸውን ከቀዩ ጽሑፍ ጎን አሳረፉ፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ የሰነጠቀ።

መምህር ሰለሞን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። «ገበሬው ይኸውና። ውጤቷን ያርሙት፣ እኔም ልጻፈው።»

አሻራውን ረጅም ጊዜ አየው። «ገምጋሚ ፊት ይሄን ይዤ ልቅረብ? ልሳቅብህ በይኛ!»

«አልሳቅኩም።»

«ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንደታረመው ጻፊው።»

«ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ኦቦ ጀማል አልገባቸውም ብዬ አልጽፍም፤ ሲገባቸው አይቻለሁ።»

ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም። መሳቢያውን ከፍቶ አስገባው።

የሀያትን ጽሑፍ ከአእምሮዬ ቃል በቃል ገለበጥኩ። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ጃንጥላዬን ከበሩ ጀርባ አነሳሁ። ዝናቡ አላባራም። በሩ ላይ ለኦቦ ጀማል ግልባጩን ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ሆጃ ቀዱልኝ። ቆሜ ጠጣሁላቸውና ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።