«እሞክራለሁ» ማለት የተከለከለበት ጉዞ

ጠዋት፣ አጠና ተራ

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተራራ ወጥተው፣ ሐይቅ ተሻግረው ነው። እኔ የሄድኩት ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል ነው፤ ሦስት ታክሲ ብቻ። ግን እመኑኝ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የሄድኩት እህቴን ፈቲያን ለሥራ ፈተና ለማድረስ ነበር። ቤቴል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ አንድ ድርጅት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምታ ተመዝግባለች። ፈቲያ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። በሰፈራችን የዒድ ልብስ የሚያሰፋ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ታዲያ ምን ያስፈራል? የሚያስፈራውማ ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ተፈትና ሁለቱንም መውደቋ ነው። የወደቀችው ደግሞ በእጇ ሳይሆን በአፏ ነው። «መስፋት ትችያለሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ትላለች። እማ ያሳደገችን እንደዚያ ነው፤ ሰው ራሱን አያሞግስም፣ ታላቅ ሲያናግር ዓይን ዓይኑን አያዩም። ፈታኞቹ ምን ያድርጉ? የሰሙትን ይጽፋሉ። ትንሽ ትሞክራለች።

ይህኛው ካልተሳካ ፈቲያ አረብ አገር ትሄዳለች። ፓስፖርቷ ወጥቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ደላላው ቅዳሜ ቁርጡን ሊሰማ ይመጣል። እማ ጆንያና ገመድ ሸጣ ነው የምታኖረን። አንድም ቀን «ሂጂ» አላለቻትም። «አትሂጂ» አለማለቷ ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ነበር። ማታ ማታ አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ፣ ያ ግማሽ አልጋ ባዶ ሲሆን እያሰብኩ ወደ እሷ እጠጋለሁ።

«አንቺ አጅቢያት» አለችኝ እማ፣ በር ላይ። «ያቺን ቃል ስትል ቆንጥጫት።»

ወደ ጦር ኃይሎች

ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥንና ልምምድ ጀመርን።

«መስፋት ትችያለሽ?» አልኳት፣ ድምፄን እንደ ኃላፊ አወፍሬ።

«አዎ፣ እ... እሞክ...»

ቆነጠጥኳት።

«ኧረ ሀያት! ክንዴን አበለዝሽው እኮ!»

ከጎናችን የተቀመጡ፣ ዘንቢል የታቀፉ እናት ዞረው አዩን። «ምን አድርጋሽ ነው እህትሽን የምትቆነጥጫት?»

«ለሥራ ልትፈተን ነው ማዘር። እያለማመድኳት ነው።»

«ውይ፣ ፈተና!» አሉና ዘንቢላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ለሱቄ ልጅ ስቀጥር ጥያቄ አላበዛም። ምሳ አቀርብላታለሁ። ቀስ ብላ የምትበላ ከሆነች እጇም ቀስ ይላል፤ መርቄ እሸኛታለሁ።»

«እንግዲያው እኔን ይቅጠሩኝ» አለ ሹፌሩ ከፊት፤ «ትሪውንም አላስተርፍልዎትም!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ፈቲያ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም፤ ፈቲያ አንድ ጉርሻ እስክታላምጥ እኔ ግማሽ እንጀራ እጨርሳለሁና። ቤቴል ያሉትም እንደዚህ ዓይነት ነገር ቢያመጡስ? ሰው ሰውን በምን እንደሚመርጥ ማን ያውቃል? አንዱ በአበላል፣ ሌላው በአገር ልጅነት፣ ሌላው በተያዥ። የፈቲያን ስፌት ገልብጦ የሚያይ ሰው እንዳለ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ጦር ኃይሎች ስንወርድ ሰልፉ ረጅም ነበር። በሃያ ብር ፓስቲ ገዝቼ ለሁለት ከፈልኩት። ፈቲያ የራሷን ድርሻ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አሁን ብበላ ይወጣል» አለችኝ።

አየር ጤና፣ ከዚያ ጣውላው

በዘነበወርቅ በኩል ስናልፍ መስኮቱን ዘጋሁት፤ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር በኩል የሚመጣው ንፋስ ከፍርሃት ጋር ሲገናኝ ሆድ አይችለውም። አየር ጤና የቤቴልን ታክሲ ተጋፍተን ገባን። ግን ቤቴል ሳንደርስ መንገዱ ተቆፍሮ ተዘግቷል ተባለና አስወረዱን።

በእግር መሄድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ወደ ድርጅቱ የሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ ከእኔ ቁመት የሚጠልቅ ቦይ ተቆፍሯል። መሻገሪያው አንድ ጣውላ ነው፤ ጭቃ የጠጣ፣ መሃሉ የጎበጠ። ከታች ዝናቡ የሞላው ቡናማ ውኃ አለ። አንድ ሰውዬ ላፕቶፕ አንግቶ እየተራመደ አለፈበት። እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለች ፈቲያ። ቀድማኝ ወጣች። መሃል ላይ ስትደርስ ጣውላው ረገበ፤ እጆቿን ስትዘረጋ የሂጃቧ መርፌ ቁልፍ ተፈትቶ ውኃው ውስጥ ገባ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣውላውን በአራት እግሬ ተሻገርኩት። እየሳቃችሁ ከሆነ አንድ ቀን ሄዳችሁ ሞክሩት።

በሩ ላይ

«አጃቢ አይገባም» አሉ ጥበቃው፣ ሸበቶ ሰውዬ።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ እህቴ ናት።»

«ምን አጃቢ ያስፈልጋታል? ሙሽራ ናት እንዴ?»

ፈቲያ ሂጃቧን በአንድ እጇ ጨብጣ ይዛ ቆማለች። በአንድ እጅ እንዴት ይሰፋል? ያን ጊዜ ሌላ ተፈታኝ እያለከለከች ደረሰች፤ ቀጠን ያለች፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች። ፈቲያን አየቻት፤ ምንም ሳትጠይቅ ከቀሚሷ ጠርዝ መርፌ ቁልፍ ነቀለች።

«ነይ። አገጭሽን ቀና አድርጊ።» ሂጃቧን አስተካክላ ወጋችላት። «ትዕግሥት እባላለሁ። ከዘነበወርቅ ነው የመጣሁት። ፈራሽ?»

«በጣም።»

«እኔማ ሌሊቱን ስጸልይ ነው ያደርኩት። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ነው የመጣሁት። በኢየሱስ ስም ሁለታችንም እናልፋለን።»

«ኢንሻአላህ» አለች ፈቲያ።

ጥበቃው ሦስታችንንም አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ ትንሿ፣ መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ። ድምፅሽን እንዳልሰማ።»

መስኮቱ ሥር

አዳራሹ አንድ ነው፤ የስፌት ማሽኖች በረድፍ ተደርድረዋል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ቃል በቃል ይሰማኛል፤ ተነሥቼ ስንጠራራም ይታየኛል። ተፈታኞቹ ስድስት ናቸው። ፈታኟ ወይዘሮ ሰብለ ይባላሉ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ የሆነ።

ለሁሉም የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ «ከሰፋሽው ልብስ ሁሉ በጣም ያስቸገረሽን አንዱን ንገሪኝ። ምን አደረግሽው?» ከዚያ ዝም ብለው ይጽፋሉ። እኛ ጋ ሰው ሲያወራ የሚሰማው «እህ»፣ «እሺ»፣ «ውይ» ይላል፤ ወሬው የሚሄደው በዚያ ነው። እኚህ ሴትዮ ግን ምንም የለም። ቃልሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ድንጋይ ይሆናል።

የፈቲያ ተራ ደረሰ። ስለ አንድ የሠርግ ቀሚስ ጀመረች። ጥሩ ጀምራ ነበር፤ ወላሂ ጥሩ ነበር! ከዚያ ቀና ብላ የሴትዮዋን ፊት አየች። ድምፇ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ... «ብቻ ያው... እኔ እንኳ ትንሽ ትንሽ ነው የምሞክረው» አለች።

የምቆነጥጠው ሰው ስላልነበረኝ የራሴን ጭን ቆነጠጥኩ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ። አለቀ፣ አልኩ። ግማሹ አልጋ ባዶ ሆነ።

ቀጥሎ ለሁሉም ተቆርጦ የተዘጋጀ የልጅ ሸሚዝ ታደለ፤ ኮሌታ፣ ኪስ፣ እጅጌ ገጥመው መጨረስ ነው። ማሽኖቹ አንድ ላይ ጮኹ። ከስድስቱ መሃል የፈቲያን ማሽን በድምፁ ለየሁት፤ ረጅም ሩጫ፣ አጭር እረፍት፣ ረጅም ሩጫ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ድምፅ ነው። ትንሽ ተነፈስኩ።

ሲጨርሱ ወይዘሮ ሰብለ ሸሚዞቹን አቀያየሩ። «እያንዳንድሽ የጎረቤትሽን ሥራ ፈትሺ። ከአስር ስንት ትሰጫታለሽ? ለምን?»

የመጀመሪያዋ «አስር፣ በጣም ያምራል» አለች። ሁለተኛዋም አስር። ትዕግሥት የፈቲያን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ «አስር» አለች። አራተኛዋም፣ አምስተኛዋም አስር። ማን በሰው እንጀራ ይገባል?

ወይዘሮ ሰብለ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አምስት አስር ሰማሁ። ሁላችሁንም መቅጠር አልችልም። ይህን ሸሚዝ ለብሶ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ከተቀደደ ተቀደደ ነው። አንቺስ?»

አንቺ የተባለችው ፈቲያ ናት። እጇ ላይ ያለው የትዕግሥት ሸሚዝ ነው። ተነሥቼ ተንጠራራሁ። ከመስኮቱ ሆኜ እንኳ አየሁት፤ የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተገጥሟል። ፈቲያ ጣቷን እጅጌው ላይ አደረገች። የትዕግሥት መርፌ ቁልፍ አገጯ ሥር ያበራል። ዝም ብትል ትወድቃለች፤ ብትናገር ትዕግሥት ትወድቃለች። እንድትናገር ፈለግሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንደዚያ በመፈለጌ ራሴን ፈራሁት።

«እጅጌው ተዘዋውሮ ገብቷል» አለች ፈቲያ። ቀና አላለችም፤ ድምፇ ግን አልቀነሰም። «ልጁ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ ብብቱን ይይዘዋል። ኮሌታው ጥሩ ነው። ኪሱ ከእኔ ይበልጣል። እጅጌው ግን መፈታት አለበት። ስድስት እሰጣታለሁ።»

ትዕግሥት ፈቲያን አየቻት፤ ያ አስተያየት አሁንም ይታየኛል። ከዚያ የፈቲያን ሸሚዝ ሳብ አድርጋ ገለበጠችው። «እንግዲያው እኔም ላስተካክል» አለች። «ክሩን ሳትቆርጪ ትተሻል። ይኸው እዚህ። እዚህም። ስምንት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የተቀሩትም አንድ በአንድ ጉዱን ማውጣት ጀመሩ። «የአንቺም ኪስ ተጣሟል እኮ!» «ኮሌታሽስ?» ወይዘሮ ሰብለ እየጻፉ ነበር።

ግቢው ውስጥ

ውጤት እስኪነገር ግቢው ውስጥ ቆምን። ትዕግሥት ከእኛ ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋለች። ፈቲያ ወደ እሷ ሁለቴ ተራመደችና ሁለቴ ተመለሰች።

ፈቲያን ሲጠሯት ሳልጠራ ተከትያት ገባሁ። ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኗል።

«በአፍሽ ከስድስቱ መጨረሻ ነሽ» አሏት። «በእጅሽ ሁለተኛ። በመፈተሽ አንደኛ። ሁሉም ተደምሮ አልፈሻል። ያለቀ ልብስ ፈታሽ ሆነሽ ሰኞ ትጀምሪያለሽ፤ ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ነው፣ ከዚያ ሥራሽ ይገመገማል።»

ፈቲያ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን አፌ አላረፈም፤ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን ፊትዎን አጠቆሩባት?»

ፈቲያ ልትቆነጥጠኝ እጇን ሰደደች። ሴትዮዋ ግን ሳቁ። «ለእህትሽ ብቻ መሰለሽ? ለስድስቱም ያው ፊት ነው። ለአንዷ ስቄ ለሌላዋ ብኮሳተር፣ ያለፈችው በእኔ ጥርስ ነው ማለት ነው።»

ትዕግሥት አላለፈችም። በሚቀጥለው ዙር ተመለሺ ተባለች።

መልስ

ጣውላውን ሦስታችንም ተሻገርን። ታክሲው ውስጥ ቦታ የነበረው የኋላው ወንበር ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እኔ መሃል። ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። ትዕግሥት ጮኻ ብትሳደብ ይሻል ነበር። ሰኞ ሥራ የምትጀምረው እህቴ እንደ ሌባ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

አየር ጤና ልንደርስ ስንል ትዕግሥት «እጅጌው መዘዋወሩን አውቄው ነበር» አለች። «ስጨርስ አየሁት። ለመፍታት ሰዓት አልነበረም። አንቺ ዝም እንድትይልኝ ጸለይኩ።»

«እኔም ዝም ለማለት ዱዓ አድርጌ ነበር» አለች ፈቲያ። «አልሆነልኝም።»

ትዕግሥት በአፍንጫዋ ሳቀች። «የሁለታችንንም አልሰማ!» ፈቲያ መርፌ ቁልፉን ልትነቅል እጇን ወደ አገጯ ስታነሣ ያዘቻት። «ተዪው። ቅዳሜ ቤትሽ መጥቼ እወስደዋለሁ። ያን ጊዜ እጅጌ ታሳይኛለሽ፤ ያን ጊዜም አስር እንዳትሰጪኝ።»

ቁጥር ተለዋወጡ።

ቤት

እማ ፊታችንን አይታ ገባት። ፓስፖርቱን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንሥታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ብርድ ልብስ ሥር አስገባችው። አልጣለችውም፤ ሦስት ወር ረጅም ነው። ቅዳሜ የሚመጣው ግን ደላላው ሳይሆን ትዕግሥት ናት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ፍርሃት እንደማያልቅ ነው፤ ከታክሲው ወደ ጣውላው፣ ከጣውላው ወደ መስኮቱ ብቻ ይዛወራል። ደግሞ ራስን ዝቅ ማድረግና እውነት መናገር አንድ እንዳልሆኑ፤ ይህን እማ ራሷ እስከዚያ ቀን የለየችው አይመስለኝም።

ማታ ራት ላይ እማ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ ፈቲያ ቀኑን ሙሉ ሥራ ልትውል ነው። የሰፈሩን ስፌት ማን ይይዛል? ሀያት፣ አንቺ ትችያለሽ?»

«እኔ እንኳ እሞክ...»

ፈቲያ ክንዴን ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ የጠዋቱን ሁሉ በአንዴ መለሰች። «እውነቱን ተናገሪ።»

አሰብኩ። «ቁልፍ መትከል እችላለሁ። ጠርዝ ማጠፍ እችላለሁ። ኪስ ቀስ ብዬ እሰፋለሁ» አልኩ። «እጅጌ ግን እፈራለሁ።»

«እሱንማ እኔም እፈራዋለሁ» አለች ፈቲያ፣ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለውን ግማሽ ፓስቲ እያወጣች።