በጸሎት መሀል የተከፈተው ሻንጣ

ልጅ ሳለሁ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለው ኦሬንጅ ፋርም መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ የሱቁን ፍርግርግ መስኮት ገርበብ አድርጎ ሻማ ያበራል፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ጎረቤታችን አሮጊቷ ጎጎ ታንዲ በተበሳሳ የቀለም ጣሳ ከሰል ታቀጣጥላለች። ጣሳውን ኢምባውላ ይሉታል። ጭሱ ወጥቶ አልቆ ፍሙ ሲቀላ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኢዮብ ጋሽ ቶማን መሀላችን አስቀምጠን ተረት እንጠብቃለን።

ጋሽ ቶማ የአባቴ አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው አባያ ሐይቅ ዳር፣ ቆላው ውስጥ፣ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጭልፋ ይዘው ከመንደር መንደር እየዞሩ ኩሬ ሲጨልፉ፣ የቢምቢ እጭ ሲፈልጉ፣ ውሃ ሲያጠፍፉ ኖረው፣ ሲያረጁ አባቴ ወደዚህ አመጣቸው። ስለ ጅብና ቀበሮ አያውቁም። የእሳቸው ተረት ሁሉ ስለ ውሃ ነበር። ገዳይዋ ቢምቢ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ ነው ሲሉን በሳቅ እንሞታለን፤ ኢዮብማ ተንበርክኮ እሷን እየሆነ ያሳየን ነበር።

ያኔ ደጋግመን የምናስነግራቸው የአንዲት መንደር ታሪክ ነበር። ረግረጉን ሁሉ አጠፈፉ፣ ጉድጓዱን ሁሉ ደፈኑ፣ የመንደሩ ልጆች ግን መንቀጥቀጣቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ጋሽ ቶማ ከአንዲት ባልቴት ጓሮ ትንሽ ጉድጓድ አገኙ፤ የጎመን ችግኝ ልታጠጣበት የቆፈረችው ነው፣ ሠራተኞቹ በመጡ ቁጥር በእንሰት ቅጠል ትሸፍነዋለች። ውሃውን ደፉ፣ ጉድጓዱን ሞሉ፣ ለአለቃቸውም ከጫካ አገኘሁት አሉ። ለምን ዋሹ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሷን ካዋረድናት ሌላዋ ይበልጥ ትደብቃለች። እኛ ውሃውን እንደፋለን እንጂ የማን ነው ብለን አንጠይቅም» አሉኝ። ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም፤ ባልቴቲቱ ስላልተገረፈች እንዲያውም ቅር ብሎኝ ነበር።

የእናቴ ወንድም ዘካርያስ ከአገር ቤት በየብስ የመጣው ዝናቡ አብቅቶ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። የመጨረሻዎቹን ቀናት የሞዛምቢክን ቆላ በጭነት መኪና አቋርጧል። በእኛ ቤት መንገደኛ በደህና ሲገባ ከምግብም ከወሬም በፊት ጸሎት ይደረጋል፤ ሱቁ ይዘጋና ሁሉም ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያመሰግናል። አባቴ ደግሞ ጸሎት ከጀመረ ቶሎ አይጨርስም። ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ሁሉም መጨፈናቸውን አየሁና ወደ መኝታ ክፍላችን ሹልክ አልኩ። በፊት የመጣ እንግዳ ከረሜላ አምጥቶልን ስለነበር የዘካርያስን ሻንጣ ከፈትኩት። ከእርጥብ ብርድ ልብስና ከሸሚዝ በቀር ምንም አልነበረውም። ከብርድ ልብሱ እጥፋት ግን አንዲት ቢምቢ ተነስታ፣ ኢዮብ ከሚተኛበት አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ አረፈች። ቂጧን ሰቅላለች። ሻንጣውን ዘግቼ ለ«አሜን» ደረስኩ።

ኢዮብ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታመመ። ክሊኒክ ወሰድነው፤ የእናቴ እንግሊዝኛ ስኳርና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ሂሳብ ከመሸጥ ስለማያልፍ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ነርሷ ልጁ ሰሞኑን ከጆሃንስበርግ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀች። «የትም አልሄደም በያት» አለችኝ እናቴ። እውነት ነበር፤ እንዳለችኝ አልኩ። ፓናዶ የሚባል ማስታገሻ ሰጥተው መለሱን።

«ይሄ ወባ ነው» አሉ ጋሽ ቶማ።

«ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ወባ የለም። ብርድ መትቶት ነው» አላቸው አባቴ።

ጋሽ ቶማ ጭልፋውን ከወጥ ቤት አነሱ። ምንጩን ካሳየኋቸው ያምኑኛል ብለው ሁለት ቀን ሙሉ የኛን በርሜል፣ የጎጎ ታንዲን ባልዲ፣ በየአጥሩ ሥር የተጣለ ጎማ ሲጨልፉ ዋሉ። ደንበኞቻችን፣ «ማሉሜ፣ ዓሣ አገኘህ?» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ አጎቴ ማለታቸው ነው። የሚያገኙት እጭ ሁሉ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለ ነው። «የኛዋ እንዲህ አይደለችም፤ ውሃው ላይ በደረቷ ነው የምትተኛው» ይሉና ደፍተውት ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እኔ ከኋላቸው እከተላለሁ። የሚፈልጉት ነገር ውሃ ውስጥ እንደሌለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የፈራሁት ዱላ አልነበረም። በጸሎት መሀል ተሰርቄ ሄጄ ወንድሜን ገደልኩት ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ለማንስ ይነገራል?

በሁለተኛው ቀን ምሽት ጋሽ ቶማ ጭልፋውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፍሙ አጠገብ ተቀመጡ። ከውስጥ የኢዮብ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማ ነበር። ቆየት ብሎ መንገጫገጩ ተወውና መቃዠት ጀመረ፤ እሱ ባሰ።

«እኔም ሳላረጅ አልቀረሁም። ጉንፋን ይሆናል» አሉ።

እሳቸው እንደዚያ ሲሉ ቤቱ ሁሉ የተናደብኝ መሰለኝ። ጋሽ ቶማ ከተዉት ማንም የለውም። እጃቸውን ይዤ ሻንጣውንም፣ ጸሎቱንም፣ ግድግዳውንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቂጧን ሰቅላ ነበር?»

«አዎ።»

ጭልፋውን ወርውረው፣ «ወባ ነው፣ አሁኑኑ ሆስፒታል!» እያሉ ወደ አባቴ ገቡ። አባቴ የጎረቤት መኪና ለምኖ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እሷም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፣ የት ሄዶ ነበር? እናቴ መልስ ሳትሰጥ ጋሽ ቶማ ቀደሙ።

«ልጁ አልሄደም። ሻንጣ ነው የመጣው። ከቆላ የመጣ የእንግዳ ሻንጣ እኔ ከፍቼ ቢምቢዋ ወጣች። በያት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«በያት» አሉኝ ደግመው።

ሻንጣውን የከፈቱት እሳቸው ናቸው ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ። ከኋላዬ እናቴ፣ «ምነው ጋሼ! የሰው ሻንጣ?» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ከኢዮብ ጣት ደም ተወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሟ እየሮጠች ተመለሰች። ብዙ ቀን ተኝቶ፣ መንምኖ፣ ግን ድኖ ወጣ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ለጋሽ ቶማ ምግብ ታቀርብላቸዋለች፣ ጨዋታ ግን አቆመች። ነገሩ ሲብስብኝ እያለቀስኩ ልናገር ነው አልኳቸው። «ውሃው ተደፍቷል» ብለው ዝም አሰኙኝ። እኔም ነገሩ ቀለለኝና ዝም አልኩ፤ እያደግኩም ዝም አልኩ።

አምና ጋሽ ቶማ ሲያርፉ ልቅሶ የተቀመጥነው አሁን በምንኖርበት፣ ጆሃንስበርግ መሀል ትሮይቪል በሚገኘው ቤት ነው። እናቴ ለሀዘንተኞቹ፣ «ደግ ሰው ነበሩ፤ ያን ሻንጣ ባይነኩ ኖሮ» አለች።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ እማዬ» አልኩ።

ጺም ያበቀለው ኢዮብ፣ «ዮ! ሲሲ፣ እህቴ፣ አንቺ ነሽ ልትደፊኝ የነበረው?» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ተነስታ ፎቶግራፋቸው ፊት ቆመችና፣ «ጋሽዬ፣ ይቅር በሉኝ» አለች፤ እዚያው እንደቆመች ለብዙ ጊዜ ወደ እኔ አልዞረችም።

ዛሬም ግድግዳ ላይ ቢምቢ ካየሁ ጎንበስ ብዬ አቀማመጧን ሳላይ አላልፍም። ከእነዚያ የፍም ምሽቶች የቀረልኝ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለዚያ ሰሞን ባሰብኩ ቁጥርም፣ እናቴ ፎቶግራፋቸው ፊት እስክትቆም ድረስ፣ ዝም ያልኩት ሁለት ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር።