ለዝናብ የተሰናዳች ሞተር

ለነገሌ ከተማ ሰው ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። የእኛ ትልቁ ዝናብ የሚጠበቀው በመጋቢት ነው። ባለቤቴ ታዲያ የካቲት ከገባ ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በሊበን ገጠር ከመንደር መንደር እየዞረ ከብት ይከትባል። የሚሄደውም መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ሳይክል ነው። ቀዩ ጭቃ መኪናውን ሁሉ ሲያስቀር እሱ ያልፋል፤ ለዚህም በየዓመቱ ዝናቡ ሳይጥል ሞተሯን ፈታትቶ ያሰናዳታል። እኔ ከማስተምርበት ስመለስ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። "ያንን ቁልፍ አቀብዪኝ" ሲለኝ አቀብለዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ወደቀ። ሐኪም ቤት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ነፍሱስ ተረፈች፣ ግን አማርኛው ጠፋ። እኔ ከሰሜን ተመድቤ የመጣሁ ነኝ፤ እሱ የዚሁ ከተማ ልጅ። የተዋወቅነውም፣ የተጣላነውም፣ የታረቅነውም በአማርኛ ነበር። አሁን አፉ ላይ የቀረው የእናቱ ኦሮምኛ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ሽንኩርት እገዛበታለሁ እንጂ የታመመ ባል አላጽናናበትም። እኔ የምለው ይገባዋል፣ እሱ የሚመልሰው ለእኔ አይገባኝም። ይናደዳል፣ ከዚያ ያለቅሳል። በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

የካቲት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ደግፌ አስቀምጬው ሳለ፣ በደህናው እጁ ወደ ሞተሯ አመለከተ።

"ሮባ" አለኝ። ዝናብ ማለቱ ነው።

"ዝናቡ ገና ነው እኮ" አልኩት።

እንደገና አመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ እጅ። እንዳሰናዳት ነው የፈለገው። ሊነዳት ያሰበ መሰለኝ። ሐኪሞቹ ቀኝ ጎኑ የሚመለስ እንደማይመስላቸው ነግረውኛል፤ ግን በምን አፌ ልንገረው? ቀሚሴን ሰብስቤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። እሱ በዓይኑና በግራ እጁ፣ እኔ በእጄ። የኋላ ጎማዋን የሚያዞረውን ካቴና በናፍጣ አጥቤ ግራሶ ቀባሁት። ጭቃው ከጎማው ጋር ሲጠቀጠቅ ሞተሯን እንዳያስቆማት የፊቱን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ፈትቼ ከፍ አድርጌ አሰርኩ። እሳት የሚሰጣት ካንዴላ ውሃ እንዳይነካው የአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ጠቀለልኩበት። ሳጠብቅ ቁልፉ አመለጠኝና ጣቴን ቆረጠኝ። "ሱታ፣ ሱታ" አለኝ፤ ቀስ በይ ማለት ነው። እጄን ሳበና ደሙን በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ። ከታመመ ጀምሮ እሱ እኔን ሲያስታምመኝ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ቤንዚን ሞልቼ ሳስነሳት ፈገግ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ሰው እኮ ከዚህ የባሰ ደርሶበት ይድናል እያልኩ አደርኩ። እሑድ ወንድሙ ሊጠይቀው መጥቶ ለብቻቸው በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ቆዩ።

ሰኞ ዕለት፣ ከተልተሌ ወረዳ በእሱ ቦታ ተዛውሮ የመጣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ በር አንኳኳ።

"ጋሼ፣ አካም? ናጋ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠውና ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ ጋሼ በወንድማቸው በኩል መልእክት ልከውብኝ ነው። ሞተሯ ተሰናድታለች፣ ከዝናቡ በፊት መጥተህ ውሰዳት ብለውኛል።"

ባለቤቴን አየሁት። ወደ ግድግዳው ዞሯል።

"ለራስህ መስሎኝ ነበር" አልኩት።

ግድግዳውን እያየ በዝግታ አንድ ነገር ተናገረ። እንግዳው አንገቱን ደፋ።

"ምን አለ?"

"እንደማልነዳት ካወቀች እጇ አይሠራላትም ብዬ ነው... ነው የሚሉት።"

ልክ ነበር፣ አይሠራልኝም ነበር። ሰውየው ሞተሯን ግቢው ውስጥ ላለማስነሳት ብሎ እስከ መንገዱ ድረስ እየገፋ ወሰዳት።

ያን ዓመት መጋቢት ደረቅ ሆኖ አለፈ፣ ሚያዝያም እንዲሁ። ከገጠር የሚመጡት ከብቱ በየመንገዱ እንደሚወድቅ ይናገሩ ነበር። ባለቤቴ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አስቁሞ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፤ እኔም እነሱ ሲመልሱለት እየሰማሁ ኦሮምኛዬ ተሻሻለ። ግንቦት ሲያልቅ መጠየቁን ተወ። ሰኔ ላይ እንደገና ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ከዚህኛው አልተረፈም።

ዝናብ የጣለው በጥቅምት ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ እያለሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄ አልሰማ አለ። ተማሪዎቹ ወደ መስኮቱ ሮጡ። ተቀመጡ አላልኳቸውም። ጠመኔዬን ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና እስኪያባራ ድረስ እንደዚያው ቆምኩ።