እሩምታ፣ እናቴ እንዳለችው

የእናቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ፣ ከአፏ ቀድቼ ያስቀመጥኩትን ታሪኳን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሜ ለዘመድ ለማደል ቆረጥኩ። ከመንደራችን ወደ ጎንደር የሸሸንበትን ቀን ስታወራ፣ «ከወንዙ ማዶ እሩምታ ሆነ፤ ልጆቹን አንስተን ሮጥን» ትላለች። ማተሚያ ቤቱ እስከ ሐሙስ አድርሺ ብሎኛል። እኔ ግን እዚያች ቃል ላይ ቆምኩ። ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በቅጡ ያልገባኝን ቃል ዘልዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ደግሞ እዚህ፣ ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር ያደጉት የልጅ ልጆቿ አማርኛ አያነቡም። አያታቸውን የሚያውቋት እኔ ወደ ዕብራይስጥ በመለስኩላቸው ልክ ነው።

መዝገበ ቃላቱ «የብዙ ጠመንጃ ተኩስ በአንድ ጊዜ» ይልና ከየት እንደመጣ ሳይናገር ያልፋል። ስለዚህ ክርያት ሞሼ ሰፈር፣ ሽማግሌዎቻችን ካርታ ሲጫወቱ ወደሚውሉበት ክበብ፣ ሞአዶን ወደምንለው፣ ሄድኩ። እኛ ዘንድ የጠመንጃ ነገር የሚጠየቀው ወንድ ነው።

«የጣሊያን ቃል ነው» አሉኝ አጎቴ፣ ዓይናቸውን ከካርታቸው ሳያነሱ።

«በጣሊያንኛ ምን ማለት ነው?»

«የጣሊያን ነው አልኩሽ እኮ።»

ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ፣ የለም የቱርክ ነው አሉ። ሦስተኛው፣ ቃሉ የመድፍ ድምፅ ነው ብለው በአፋቸው አጓሩልኝ።

«አንቱ ደግሞ መድፍ የት ሰሙ?» አሏቸው አጎቴ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሦስቱም እርግጠኛ ናቸው፤ ማስረጃ ያለው ግን የለም።

ረቡዕ ለታ አክስቴ ዘንድ ወጥቼ አማረርኩ። ልብስ እያጠፉ ሰሙኝ።

«እኔን አልጠየቅሽኝ።»

«አንቱ የጠመንጃ ነገር ያውቃሉ እንዴ?»

«ምኑን አውቄው። እናትሽ ግን ትቆጥር ነበር። አንድ በተተኮሰ ቁጥር አንድ ጠጠር ታስቀምጣለች። ስድስት ሰባት ሲሆን፣ ሽፍታ ነው፣ ያልፋል ትለናለች፤ ሥራችንን እንሠራለን። ያን ቀን ጠጠሩን ከእጇ በተነችው። እሩምታ ሆነ፣ ተነሡ አለች። አልቆጠር ሲል ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል?»

ገጹን እንደገና ጻፍኩት፤ ጠጠሮቹንም አስገባሁ። ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ስደርስ አጎቴ ደወሉ።

«የጣሊያን መሆኑን ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩትም፣ አጎቴ።»

«ቤሰደር፣ እሺ ይሁን። ታዲያ ማንን ጠየቅሽ?»

«እህትዎን።»

«እሷ ምን ታውቃለች?» አሉ።

እኔ ሦስት ቀን ሞአዶን ስመላለስ፣ አክስቴ የሚኖሩት እኔው ያለሁበት ሕንፃ ላይ ነው፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ።